ለጨዋታ ድሬ ስትመጡ የት ትጠጣላችሁ? የሆቴል ባር ወይስ የከዚራ ድራፍት ቤት

ሐሙስ ማታ ስልኬ ሲጮህ ጥያቄው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። "ቅዳሜ ድሬ ነን። ከጨዋታው በኋላ የት ይሻለናል?" የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በየከተማው እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ ተራው ለድሬዳዋ በደረሰ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ቡናና ጊዮርጊስ እዚህ ቢገናኙ ሁለቱም እንግዳ ናቸው። ደጋፊውም አዲስ አበባ የለመደውን ቤት ትቶ ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ውሎ፣ ሙቀቱ አናቱን እየመታው፣ መጀመሪያ ያየው ቤት ይገባል። ገንዘቡም የሚያልቀው እዚያ ነው።

መልሴን ሳልደብቅ ልናገር። ከዚራ፣ ዛፍ ስር፣ ድራፍት ቤት፣ ከመሸ በኋላ። ሆቴል ባርን የምመርጥበት ጊዜ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እንደዚህ ቆርጬ እንደምናገር በብር ላሳያችሁ።

ያለፈው ዓመት አምስት ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ መጡ። ከእኔ ጋር ስድስት ሆንን። እንግዳ ላክብር ብዬ አንድ ሆቴል ባር ወሰድኳቸው። ትልቅ ስክሪን አለው፣ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ኤሲው ይሠራል። ሜኑ ላይ ቢራው 120 ብር ይላል። ውድ ነው፤ ግን ለአንድ ማታ ብለን ተቀመጥን። እያንዳንዳችን አራት አራት ጠጣን። ሃያ አራት ማለት ነው። ቢሉ ሲመጣ ሠላሳ ቢራ ይላል። ከዚያ በላዩ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨምሯል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። ጠቅላላው 4,554 ብር።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ሜኑ ላይ 120 ያለው ቢራ ሰርቪስ ሲጨመርበት 132 ይሆናል። ቫቱ የሚሰላው በ132ቱ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ቢራ 151 ብር ከ80 ሳንቲም ገባ። ሜኑው ግርጌ በደቂቅ ፊደል "ታክስና ሰርቪስ አይጨምርም" የሚል ነበር። አላነበብነውም። የጠጣነውን ሃያ አራቱን ብቻ ብንከፍል 3,643 ብር ከ20 ነበር። ያልጠጣናቸው ስድስት ቢራዎች ብቻቸውን 910 ብር ከ80 አስከፈሉን።

ለምን አልተከራከራችሁም ትሉኛላችሁ። ተከራክረናል። ግን ማስረጃ አልነበረንም። አስተናጋጁ ባዶ ጠርሙሶቹን ከሥር ከሥር እያነሳ ነበር። እኛ ጽዳት መስሎን አመሰገንነው። ካሸሩ የማሽኑን ወረቀት አሳየን፣ ኃላፊው ነገ ኑ አለን። ነገ ደግሞ ጓደኞቼ ሊሳፈሩ ያሰቡበት ቀን ነበር። እንግዳ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃሉ። እኔን ያንገበገበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ሰዎቹን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የትም ብገባ ጠርሙስ አላስነሳም። ባዶው ጠረጴዛው ላይ ይሰለፋል፤ ጠረጴዛው ከጠበበ መሬት ላይ። ማንሳት ግድ ነው ካሉ ቆርኪውን እኔ እይዛለሁ። ሂሳብ ሲመጣ ቆርኪ ይቆጠራል። ይሄን ሆቴል ውስጥ ማድረግ የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ አያሳፍረው። ድሮም የቢራ ሂሳብ የሚታመነው በጠርሙስ ቆጠራ ነው።

በዚያው ማታ አንዱ ጓደኛዬ ደብል ጂን አዝዞ ነበር። 250 ብር። ቀምሶ ለእኔ ሰጠኝ። ሽታው ጂን ነው፤ አፍ ላይ ግን ውኃ ነው። የመጣው በብርጭቆ ተቀድቶ ነው፤ ጠርሙሱን አላየነውም። የውጭ መጠጥ ባዶ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ባዶው ለምን እንደሚፈለግም እናውቃለን። በማታውቁት ቤት ከተከፈተ ጠርሙስ የሚቀዳ ጂንና ውስኪ አትዘዙ። ካማራችሁ ጠርሙሱ ጠረጴዛችሁ ላይ መጥቶ፣ ማሸጊያው ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። ቢራ የሚሻለው ለዚህም ነው። ቆርኪው ፊታችሁ ይነሳል፤ አለቀ።

ጓደኞቼ ግን ሐሳባቸውን ቀይረው በማግስቱ እሑድ አልተነሱም፤ አንድ ማታ ጨመሩ። እኔም ልክስ ብዬ ከዚራ ወሰድኳቸው። ከዚራን ለማያውቅ፦ ባቡሩ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድሬ ሲደርስ፣ ፈረንሳዮቹ ለባቡር ሠራተኛው ብለው በቀጥታ መንገዶች ከፋፍለው የሠሩት ሰፈር ነው። ለገሃር ጣቢያው እዚያ ነው። ዋናው ነገር ዛፉ ነው። ድሬ ላይ ጥላ ማለት ገንዘብ ነው። ፀሐይ ስትገባ አስፋልቱ ገና ሙቀቱን ሲተፋ፣ ዛፉ ስር ግን ነፋስ አለ። ኤሲ የሚያስከፍለውን ዛፉ በነፃ ይሰጣል።

ድራፍቱ ጃንቦ 80 ብር ነበር። ስድስታችን ሃያ አራት ጃንቦ። 1,920 ብር። ለአስተናጋጇ መቶ ብር ሰጠን። 2,020። ሰርቪስ የለ፣ የተደበቀ ታክስ የለ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ ነው። ጃንቦው ደግሞ ከአንድ ጠርሙስ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በሁለቱ ማታ መካከል ያለው ልዩነት 2,534 ብር ነው። ዋጋው እናንተ እስክትመጡ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን አይጠብም፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ድራፍት ቤት ሁሉ ድራፍት ቤት አይደለም።

ድራፍት ዕድሜው አጭር ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በቶሎ ካልተጠጣ ይሞታል። ጋዙ ሲደክም ቢራው ይተኛል። ቱቦው ካልታጠበ ይኮመጥጣል። ቱቦው ከሞቀ ደግሞ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይመጣል፤ እናንተ የምትከፍሉት ለአረፋው ነው። ስለዚህ የቤቱን ውበት አትዩ። በርሜሉ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር እዩ። 30 ሊትር የሚይዝ በርሜል በግማሽ ሊትር ቢቀዳ 60 ብርጭቆ ነው። ሠላሳ ደጋፊ ሁለት ሁለት ቢጠጣ አለቀ። ጨዋታ ባለበት ማታ የሞላ ቤት ውስጥ የምትጠጡት ቢራ ከተከፈተ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው። ባዶ ቤት ውስጥ የምትጠጡት ግን ከትናንት በስቲያ የተከፈተ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ድሬ ላይ ከሌላ ከተማ የበለጠ ይሠራል። ምክንያቱ ጫት ነው። ከሰዓት በኋላ ከተማው ይተኛል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በርጫ ላይ ነው። ጠጪው የሚወጣው ከመሸ፣ ለጨብሲ ነው፤ የጫቱን ምርቃና በመጠጥ ለመስበር። እንግዳ ግን ከአውቶቡስ ወርዶ ቀን በስምንት ሰዓት "አንድ ጃንቦ" ይላል። የሚቀዳለት የትናንቱ ትራፊ ነው። ከዚያ "የድሬ ድራፍት አይረባም" ብሎ ይሄዳል። አቦ፣ ድራፍቱን ምን አደረጋችሁት! በሰዓቱ አልመጣችሁም እንጂ። ቀን ላይ ጠርሙስ ጠጡ። ድራፍት ከአንድ ሰዓት ማታ በኋላ ነው። የማታ ጨዋታ ከሆነ የበለጠ ተመቻችሁ፤ ከስታዲየም ስትወጡ በርሜሉ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ይሆናል።

አስመሳዮቹን ደግሞ ተጠንቀቁ። የከዚራን ቤቶች አይተው፣ ደጃፋቸው ላይ የላስቲክ ጥላና አረንጓዴ ወንበር ደርድረው፣ "ድራፍት አለ" ብለው የሚጽፉ አሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ገብቼ ጃንቦ አዘዝኩ። ልጁ ወደ ጓዳ ገባ። በርሜል አላየሁም፣ ቧንቧ አላየሁም። የመጣው ቢራ ጣዕሙ የጠርሙስ ነው፤ ግን ሞቋል፣ ጋዙም ወጥቷል። የተከፈለው የጃንቦ ዋጋ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው። ሲቀዳ የምታዩት ቦታ ተቀመጡ። ቧንቧው የማይታይ ከሆነ ጠርሙስ እዘዙ፣ ወይ ተነሱ።

የመጀመሪያውን ዙር ለአንድ ሰው ብቻ አዝዙ። ስድስት ሰው ሆናችሁ ስድስት ጃንቦ ካዘዛችሁ በኋላ ኮምጣጣ ሆኖ ብታገኙት ክርክሩ የስድስት ብርጭቆ ነው። አንዱ ይቅመስ። ብርጭቆውንም እዩ። የድሬ ውኃ ካልሺየም ይበዛዋል፤ ብርጭቆ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ አትፍሩት። አረፋው ተቀድቶ ወዲያው ከጠፋ ግን ብርጭቆው ቅባት አለው፤ አስቀይሩ። መብራት ከጠፋና ጄኔሬተር ካልተነሳ ወደ ጠርሙስ ዙሩ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜው ይቆያል፣ የቱቦው ግን ወዲያው ይሞቃል።

ሆቴል ባር መቼ ይሻላል? ቀን ላይ። በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሰዓት የምትገድሉበት ቦታ ስትፈልጉ፣ ኤሲ ያለው ክፍል ይገባዋል። ከቤተሰብ ጋር ከመጣችሁም ሆቴሉን ምረጡ፤ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ድራፍት ቤት እዚህ ላይ ይወድቃል። ግን አንድ ውኃና አንድ ቢራ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዙር አትጀምሩ። ከመቀመጣችሁ በፊት ደግሞ "ዋጋው ከነታክሱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስክሪኑ እንዳያታልላችሁ። ጨዋታውን በዓይናችሁ አይታችሁ መጥታችሁ ስክሪን ምን ያደርግላችኋል? ቅዳሜ ማታ ከሆነ ደግሞ የሚታየው የእንግሊዝ ሊግ ነው።

መጋላን የሚጠይቁኝ አሉ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ መጋላ የምትሄዱት ለመብላትና ለገበያ ነው። ሰፈሩ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሰካራም ሆኖ እየዘፈኑ ማለፍ ነውር ነው። ጠዋት ግን ፈጢራ ለመብላት ከዚያ የተሻለ የለም።

ሐረርስ? ሐረር ቢራ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ፋብሪካውን በ2003 ዓ.ም. ሐይነከን ገዝቶታል። ከተማዋም ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ ቢራ መጠጣት ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ግን ከማታ ጨዋታ በኋላ የሚታሰብ አይደለም። መንገዱ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በጨለማ፣ ኮንትራት መኪና ተከራይቶ፣ ጠጥቶ መመለስ ገንዘብም ሕይወትም ያስከፍላል። የኮንትራቱን ዋጋ ጠይቁና በጃንቦ አካፍሉት፤ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ሐረርን ለማግስቱ አድርጉት። ጠዋት በሚኒባስ ውጡ፣ ጁገልን አዙራችሁ እዩ፣ ምሳ ላይ አንድ ሁለት ጠጡ፣ ፀሐይ ሳትገባ ውረዱ።

ባጃጅ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስካርፍ አድርጋችሁ ከስታዲየም ስትወጡ ዋጋው ይጨምራል። ሁለት መቶ ሜትር በእግር ውጡና ያዙ፤ ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ። ማደሪያችሁን ከዚራ ካደረጋችሁት ደግሞ ከድራፍት ቤቱ ስትመለሱ ባጃጅ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። የአልጋው ዋጋ በትንሽ ቢበልጥ እንኳን የሁለት ማታ ባጃጅ ይመልሰዋል።

የብርቱካናማዎቹ፣ የድሬዳዋ ከተማ ቡድን፣ ደጋፊ አጠገባችሁ ቢቀመጥ አትሽሹ። ቡድኑን ብታሸንፉትም ያወራችኋል፤ የትኛው ቤት ዛሬ አዲስ በርሜል እንደከፈተ የሚያውቀውም እሱ ነው።

የዚህ ቅዳሜዎቹ ስምንት ናቸው። ትናንት ማታ ሄጄ ጠረጴዛ አስይዣለሁ። ቧንቧው ፊት ለፊት ያለውን።