16፡8 ዳይት ቦርጭ ያጠፋል?

ቦርጭ ያጠፋል እየተባለ በየቦታው የሚወራለትን 16፡8 ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ሞክሬዋለሁ። ወድጄዋለሁ፤ የሚባልለትን ሁሉ ግን አያደርግም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ ትበላላችሁ፤ በቀረው 16 ሰዓት ከውኃና ስኳር ከሌለው ሻይ ወይም ቡና በቀር ምንም የለም። እኔ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ያለውን መረጥኩ። ምግብ መመዘን የለ፣ ካሎሪ መደመር የለ።

የጠቀመኝ በዋናነት ማታ ላይ ነው። ከራት በኋላ ሳይርበኝ ብስኩትና ኦቾሎኒ እቆረጥም ነበር። «ከ2 ሰዓት በኋላ አይበላም» ሲባል ያ ሁሉ ቀረ። ጠዋቱ መጀመሪያ ላይ ከብዶኛል። 4 ሰዓት ገደማ ራሴን ያመኛል፣ በትንሹም እነጫነጫለሁ። ውኃ በደንብ ስጠጣ ቀለል አለኝ፣ እየቆየም ለመድኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ያስፈነድቃል፤ አብዛኛው ግን ውኃ ነው። ሰውነት ያከማቸውን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ሲጠቀም አብሮት የነበረው ውኃ ይወጣል። ስለዚህ ሜትር ይሻላል። ትንፋሽ አውጡ፣ ሆዳችሁን አትሳቡ፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መሀል ለኩ። የእኔ ወገብ በዝግታ ነው የቀነሰው፤ ሱሪዬ ግን በእርግጥ ሰፍቶኛል።

የሚያናድደኝ «የሆድ ስብ ነጥሎ ያቀልጣል» የሚለው ማስታወቂያ ነው። የትኛውም የምግብ ሰዓት እንዲህ አያደርግም። በ2022 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን 139 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም ካሎሪ ቀንሰዋል፤ ግማሾቹ በዚያ ላይ በ8 ሰዓት ውስጥ ብቻ ይበሉ ነበር። በክብደትም በወገብም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የሚሠራው መጠን መቀነሱ ነው፤ ሰዓቱ ለዚያ ያግዛል እንጂ። በ8ቱ ሰዓት ያገኙትን እየጠቀጠቁ ቦርጭ አይጠፋም።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩት። ነፍሰ ጡሮች፣ የምታጠቡና ከምግብ ጋር የተያያዘ የሥነ ልቦና ችግር የነበረባችሁ ደግሞ ይቅርባችሁ።

ማታ ማታ መቆርጠም ላስቸገረው ሰው አጥብቄ እመክራለሁ። ቁርስ ካልበላ ሥራ የማይሆንለት ሰው ግን ባይሞክረው ይሻላል፤ የራቱን መጠን ቢቀንስ ያው ነው። ወር በወር የሚያስከፍሉትን አፖችም ተዉአቸው፤ የስልካችሁ ሰዓት ይበቃል።