«ለረጅም መንገድ ዝግጁ» የተባለ ክላሲክ መኪና፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

«ሙሉ እድሳት የተደረገለት፣ ሞተሩ ወርዶ የተሠራ፣ ለረጅም መንገድ ዝግጁ።» የክላሲክ መኪና ማስታወቂያ ላይ ይህችን መስመር ካያችሁ ቆም በሉ። እድሳቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ለሞተሩ ደረሰኝ መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ አፍ በቀር ማስረጃ የላትም፤ ዋጋውን ወደ ላይ የምትሰቅለውም እሷው ናት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ገዢው ሲደርስ መኪናው ተወልውሎ፣ ሞተሩ ሞቆ ይጠብቀዋል። ዞር ዞር ብሎ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይነዳል፤ ማርሹ ይገባል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ የሙቀት መርፌው ዝቅ ብሎ ቆሟል። ተመልሶ ቀብድ ይከፍላል። አሮጌ መኪናን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ችግር ደግሞ አብዛኛው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፦ ሙቀቱ እስከ ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ጥርስ) ሲዘልቅ፣ ፍጥነቱ ሳይቋረጥ ሲቆይ፣ ዳገት ሲመጣ፣ ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ። ሁሉም ሻጭ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም ያንን መኪና ከግማሽ ሰዓት በላይ ነድተውት አያውቁም። ለገዢው ግን ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ሞተሩ ከማታ ጀምሮ ሳይነሳ ይጠብቃችሁ። ስትደርሱ ገና ሰላምታ ሳትጨርሱ እጃችሁን የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ (የውሃው ቱቦ) ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ሙከራው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሁን፤ ግማሹ ሳይቆሙ በአውራ ጎዳና ፍጥነት፣ ቢቻል ረጅም ዳገት ያለበት። ከዚያ አጥፍታችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ አቁሙትና እንደገና አስነሱ። ሞተሩ ሲጠፋ ቬንትሌተሩም የውሃው ዝውውርም ስለሚቆም ኮፈኑ ስር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል። ካርቡሬተር ውስጥ ያለ ቤንዚን የሚፈላው፣ የደከመ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) እምቢ የሚለው፣ ሊሞት የደረሰ ኮንደንሰር (የማቀጣጠያው ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ) የሚሞተው ያኔ ነው።

ከተለመዱት ማጭበርበሪያዎች አንዷ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይዞር የሚያግደውን በር፣ አውጥቶ መጣል ናት። ራዲያተሩ በግማሽ ተደፍኗል እንበል። ቴርሞስታት ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ ይዞራል፣ ሞተሩ ለመሞቅ ጊዜ ይወስድበታል፣ በአጭር ሙከራም መርፌው ከመካከል በታች ይቀራል። ሻጩ «ይሄ መኪና ሙቀት የሚባል አያውቅም» ይላል። ዳገት ላይ ሃያ ደቂቃ ሲቆይ የተደፈነው ራዲያተር ሙቀቱን መጣል ያቅተውና ያ ዝቅ ብሎ የነበረ መርፌ ቀይ ላይ ይወጣል። ማወቂያው ቀላል ነው። ሞተሩ ከቀዝቃዛ ሲነሳ፣ ከቬንትሌተሩ እየተጠነቀቃችሁ፣ የላይኛውን ጎማ ያዙት። ቴርሞስታት ካለ ጎማው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ውሃው 82 ወይም 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ድንገት ይግላል። ከሌለ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው የሚሞቀው። እንደ ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን የሚከቡት ላሜራዎችና የሞተር ክፍሉን ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ በቦታቸው መኖራቸውን እዩ፤ ከጎደሉ ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ በርዶ ሳለ ብቻ ክፈቱ። ክዳኑ ላይ ቁጥር አለ፤ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ለ4 ወይም ለ7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው የተሠሩት። እዚያ ላይ 13 ወይም 15 ተገጥሞ ካገኛችሁ የሚፈላ ሞተር ለመደበቅ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ፒኤስአይ የመፍያውን ነጥብ በ1.5 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ በዚያው ልክ የድሮውን ራዲያተር ብየዳ ያስጨንቃል። ከክዳኑ ስር ቡናማ ጭቃ ወይም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ቀዳዳ መድፈኛ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገውን ቀዳዳ ብቻ መርጦ አይደፍንም። የታችኛውን ጎማ ጨበጥ አድርጉት፤ ፋብሪካው ውስጡ ሞላ አድርጎበት ከነበረ ሞላው መኖር አለበት። ከሌለ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ የውሃው ፖምፓ ሲስብ ጎማው ይጣበቅና ውሃው ይታገዳል፤ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ስታዩት ግን ምንም ችግር የለበትም።

ጎማ ላይ ጥርሱ አያታላችሁ። ክላሲክ መኪና በዓመት የሚነዳው ትንሽ ስለሆነ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ ካለው መስመር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2314 ማለት እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጨረሻው ሦስት አሃዝ ብቻ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መነጋገርም አያስፈልግም። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም ለረጅም መንገድ አይሆንም። በከተማ ፍጥነት ዓመታት ይቆይ ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሰዓት ሲሄድ ግን ሙቀቱ የደረቀውን ንብርብር ያላቅቀዋል። ሙሉው ቁጥር የሚታተመው በአብዛኛው በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ ወደ ውስጥ ዞሮ ብታገኙት አይግረማችሁ፤ ተንበርክካችሁ በባትሪ እዩት። ስኮርታ ጎማውን አትርሱ፣ ከሁሉም ያረጀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ከሆነ እያንዳንዱን ሽቦ በካቻቢቴ መታ መታ አድርጉ፤ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድፍን ያለ።

የፍሬን ነገር ጊዜ ውሰዱበት። ሻጩ የሚያሳያችሁ አዲስ የፍሬን ሸራ ነው፤ ሸራ ርካሽ ነው፣ በቀላሉም ይታያል። የሚገድለው ቱቦው ነው። በየእግሩ (በየቸርኬው) ያለው የጎማ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ያኔ እንደ አንድ አቅጣጫ በር ይሠራል። ፔዳል ስትረግጡ በግፊት ያሳልፋል፣ ስትለቁ ግን ዘይቱ ወደ ኋላ አይመለስም። ሸራው ከታምቡሩ ወይም ከዲስኩ ሳይለቅ እየታሸ ይሄዳል፣ ይግላል፣ የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጣል፣ በመጨረሻም የፍሬኑን ዘይት ያፈላዋል። መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ በማቆሚያ ደግፉት፣ አንድ ሰው ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ አጥብቆ ረግጦ ይልቀቅ፣ እናንተ ወዲያው እግሩን በእጃችሁ አዙሩ። ወዲያው መዞር አለበት። አልዞር ብሎ የዚያ እግር ማስተንፈሻ ብሎን ሲፈታ ከለቀቀ ግፊቱ ታፍኖ ቀርቶ ነበር ማለት ነው፤ ችግሩ አንድ እግር ላይ ብቻ ከሆነ ቱቦውን ጠርጥሩ። ከአንድ ሰዓቱ ጉዞ ስትመለሱም የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ያለ ፍሬን አንሸራትታችሁ ቁሙና የአራቱን እግር ሙቀት ሳትነኩ በሚለካ ቴርሞሜትር ለኩ። የፊትና የኋላ ሊለያይ ይችላል፤ የግራና የቀኝ ግን ሊቀራረብ ይገባል። አንዱ ከጓደኛው በ30 ዲግሪ ከበለጠ ያ እግር አልለቀቀም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው በዚህ ነው። በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወደ «ሞተሩ ወርዶ የተሠራ» እንምጣ። ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተቀይሮና ብሎኩ ቀለም ተቀብቶ «ወርዶ ተሠራ» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። እውነተኛ ደረሰኝ ቁጥር አለው፦ ፒስተኑ ከመጀመሪያው ልኩ በስንት አልፎ እንደገባ፣ ለምሳሌ በ0.5 ሚሊ ሜትር፣ የክራንኩ ብሮንዚና (ክራንኩ የሚዞርበት ሽፋን) ልክ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የተሠራው ሥራ። በተለይ የጭስ ቫልቮላ (የተቃጠለው ጭስ የሚወጣበት በር) መቀመጫ ጠንካራ ብረት ገብቶለት እንደሆነ ጠይቁ። የድሮ የብረት ቴስታታ የተሠራው እርሳስ (ሊድ) ላለበት ቤንዚን ነው፤ እርሳሱ መቀመጫውን ይጠብቀው ነበር። ያ ቤንዚን ዛሬ ለመኪና አይሸጥም፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አቁማለች። በዝግታ ለሚነዳ ሰው ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ በከፍተኛ ዙር ለሰዓታት ለሚጓዝ ግን ቫልቮላው መቀመጫውን እየበላ ይሰምጣል፣ በቫልቮላውና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፣ በመጨረሻ አልዘጋ ይልና ይቃጠላል። ከገዛችሁ በኋላም የቫልቮላ ክፍተቱን ለክታችሁ ጻፉ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ለኩ፤ የጭሱ በኩል እየጠበበ ከሄደ መልሱ እሱ ነው።

የዘይት ግፊትን በቀዝቃዛ ሞተር ማየት ዋጋ የለውም። ከአንድ ሰዓቱ ጉዞ በኋላ እዩት። የፋብሪካው መጽሐፍ ቁጥር ከሌላችሁ መካኒኮች የሚይዙት ልክ በደቂቃ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ነው፦ በ3000 ዙር 30 ገደማ። ሲሞቅ በሚኒሞ የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ምናልባት ቀጭን ዘይት ነው፣ ምናልባት ብሮንዚናው አልቋል። ያልቀለጠ ማር የመሰለ ወፍራም ዘይት ካያችሁ ደግሞ ግፊቱን ለማስዋብ የተሞላ ሊሆን ይችላል። ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀው ግፊት) ሲለካ ሞተሩ ሞቆ፣ ሁሉም ካንዴላ ወጥቶ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይሁን፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ዋጋው ገና አልተጠናቀቀም።

የነዳጁ መስመር ላይ አሮጌ የጎማ ቱቦ ካለ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ከውስጥ ያላሽቀዋል፤ ጎንበስ አድርጋችሁ እጠፉት፣ ከተሰነጠቀ እሳት ነው። አዲሱ ቱቦ ላይ ኤስኤኢ ጄ30 አር9 (SAE J30 R9፣ የነዳጅ ቱቦ ደረጃ) የሚል ህትመት ፈልጉ። ከጉዞው በኋላ ማጣሪያው ውስጥ ቡናማ ብናኝ ካለ ታንኩ ዝጓል።

ኤሌክትሪኩን በስሌት ያዙት። በ12 ቮልት ሁለት የ60 ዋት መብራት ብቻውን 10 አምፒር ይጠጣል። መጥረጊያው፣ የኋላ መብራቱ፣ ማቀጣጠያው፣ ማሞቂያው ሲጨመሩ 20 ይጠጋል። 22 አምፒር የሚሰጥ የድሮ ዲናሞ ያንን የሚችለው ዙሩ ከፍ ሲል ብቻ ነው፤ በሚኒሞ ባትሪው ይበላል። ሁሉንም አብሩና በ2000 ዙር ቮልቴጁን ለኩ። የ12 ቮልት መኪና ላይ ከ13 በታች ከወረደ የሌሊት ጉዞ አይታሰብም። ቦቢናውንም (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን) በኦም ለኩ፦ ተከላካይ (ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ሬዚስተር) ለሌለው መስመር 3 ኦም ገደማ፣ ላለው 1.5። የ1.5ቱ ያለ ተከላካይ ከተገጠመ 8 አምፒር ይፈሳል፣ ፑንቲናው (የማቀጣጠያውን መስመር የሚከፍተውና የሚዘጋው ጫፍ) ይቃጠላል፣ ቦቢናውም ሲግል ሞተሩ ይቆማል፣ ሲበርድ ይነሳል። ይህን ዓይነት ብልሽት በሩብ ሰዓት ሙከራ ማንም አያገኘውም።

ሻጩ «ለመንገድ እንዲሆናችሁ» ብሎ በካርቶን የሚመርቅላችሁን መለዋወጫ በደስታ ከመቀበላችሁ በፊት ፈልፍሉት። ሠላሳና አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ የኖረ ኦርጅናል ዕቃ ብረት ከሆነ ወርቅ ነው። ቺንጋ፣ ቱቦ፣ የፍሬን ጎሚኒ፣ የፖምፓ ሽፋን ከሆነ ግን በካርቶኑ ውስጥ አርጅቷል። ኮንደንሰርም ከጎማው ወገን ነው።

ወረቀትና ተለጣፊም አያስጎምጃችሁ። የፊቫ (የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን) መታወቂያ የመኪናውን ማንነትና ታሪክ ይመዘግባል፤ ለመንገድ ብቁ ነው አይልም። «ለሚሌ ሚሊያ የሚሆን» ሲባልም እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1957 በነበረው የጣሊያን የመንገድ ውድድር ሞዴሉ ተካፍሏል ማለት ነው። ሞዴሉ እንጂ ፊታችሁ የቆመው መኪና አይደለም።

ይህን ሁሉ አልፎ ከተስማማችሁ ውሉ ላይ «ለረጅም መንገድ ዝግጁ» የሚለው ይሰረዝና በምትኩ ይህ ይጻፍ፦ የአምስቱ ጎማዎች ቁጥር፣ የፍሬን ቱቦዎቹና ዘይቱ የተቀየሩበት ወርና ዓመት፣ ቴርሞስታት መኖሩ፣ ሞተሩ ሞቆ በ3000 ዙር ያለው የዘይት ግፊት። ሻጩ መጻፉን ካልወደደ አምስት ጎማ፣ ሦስት ወይም አራት የፍሬን ቱቦ፣ የራዲያተር ማስፈቻና አዲስ የነዳጅ ቱቦ ከዋጋው ላይ ቀንሱና ቁጥሩን ንገሩት። ቀብድ የሚከፈለው ከአንድ ሰዓቱ ሙከራ በኋላ ነው፤ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢላችሁም።