ባለ ቱብ ወይስ ባለ ትራንዚስተር?

ባሕር ዳር ላይ ጊታር ይዞ የድሮ አምፕሊፋየር (የጊታር ድምፅ ማጉያ) የተገኘለት ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። የድሮው ድምፅ የሚያጎላው አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱብ ነው፣ አዲሱ ደግሞ በትንሿ ትራንዚስተር።

ድምፅ፦ ባለ ቱቡ ክሩን ጠንከር አድርገህ ስትመታው ቀስ እያለ ይሻክራል፣ ስታለሰልሰው ይጠራል። ባለ ትራንዚስተሩ ንጹሕ ነው፤ ከአቅሙ ሲያልፍ ግን ጆሮ ይበሳል።

መብራት፦ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የድሮ ፌንደር (የአሜሪካ አምፕሊፋየር ነው) የሚፈልገው 120 ቮልት ነው፣ የኛ ሶኬት 220። ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እኔ አንዴ ረስቼ በቀጥታ ሰካሁት። ጧ አለ፣ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ደግነቱ የሄደው ፊውዙ ብቻ ነበር። አዲሱን ባለ ትራንዚስተር ግን ለ220 የተሠራውን ገዝተህ ትሰካለህ፣ በቃ።

ጥገና፦ ቱብ ያልቃል፤ መለዋወጫው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የሚታዘዝ ነገር ነው። የቆየ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ይደርቃል፣ ድምፁም «እምም» ማለት ይጀምራል። ክረምት ላይ የታና እርጥበት ሲጨመርበት ቁልፉን ባዞርክ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ራስህ እንዳትከፍተው! ከሶኬት ተነቅሎም ከ400 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ባለ ትራንዚስተሩ ብዙም አያስቸግርም። ቦርዱ ከተቃጠለ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉውን መቀየር ነው። በእጅ የተበየደውን የድሮውን ግን ጎበዝ ራዲዮ ጠጋኝ ክፍል በክፍል ያድነዋል።

ክብደት፦ ባለ ቱቡ የፌንደር ትዊን ሪቨርብ 29 ኪሎ ገደማ ነው። ባጃጅ ላይ ሞክረው።

ቤትህ ሙዚቃ ለምትቀዳ፣ ጠጋኝም ለምታውቅ፣ የድሮው። በየምሽቱ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች ለምትዞር፣ አዲሱ።