ሚኒሞ አልይዝ ያለችው ቮልስዋገኔና የጉለሌው ጋራዥ

እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራችው ባለ1300 ቮልስዋገኔ መንገድ ላይ ያለ እንከን እየሄደች፣ መብራት ይዞኝ ስቆም ግን ድርግም ማለት ከጀመረች ሁለት ወር አልፎ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሚኒሞ (እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት) ማስተካከያውን ቢቴ በካቻቢቴ አጥብቆ መለሰልኝ፤ መጥፋቷ ቢቀንስም ሞተሩ ቆሞ ያጓራ፣ ቤንዚንም ይፈጅ ጀመር። ከዚያ በኋላ ነው ጉለሌ ወዳለችው፣ ከሁለት መኪና በላይ ወደማታስገባው ጋራዥ የሄድኩት።

የጋራዡ ባለቤት፣ አዛውንት መካኒክ ናቸው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለመፍታት አልቸኮሉም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሞተሩን ቫልቮች ክፍተት 0.15፣ የፑንቲናውን (የሻማውን ብልጭታ የሚያስነሳውን መገናኛ) 0.4 ሚሊ ሜትር አድርገው አስተካከሉ። ቀጥለው ቁልፉን አስከፈቱኝና ከሶሌክስ ካርቡሬተሩ ጎን የተገጠመችውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሽቦ እየነቀሉና መልሰው እያስነኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ቀጭ» ማለት ሲገባት ዝም አለች። ይህች ቫልቭ ቁልፉ ሲከፈት መርፌዋን ወደ ኋላ ስባ የሚኒሞውን መንገድ የምትከፍት በመሆኗ፣ ከተበላሸች ሞተሩ ሲሮጥ በዋናው ቀዳዳ ይመገባል፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ግን የሚመግበው ያጣል።

አዲሷ ቫልቭ ከገባች በኋላም ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። የካርቡሬተር ማጽጃ በነዳጅ መስጫው በሚከፈተው የአየር መዝጊያ ዘንግ ዳርና ዳር ጠብ ሲያደርጉ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ ዘንጉ በልቶ አየር ያስገባል ማለት ነው። ቶርኖ ቤት ልከው ቀለበት መሰል ቡሽ አስገቡለት። ካርቡሬተሩ ሲከፈት ከሰርባቶዮ (ከነዳጅ ታንኩ) የመጣ ዝገት እንደ ቡና አተላ ከታች ተኝቶ ነበር፤ የነሐስ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ሳይወጉ (ሽቦ ያሰፋቸዋል) በቤንዚን አጥበው በአየር ነፉ። የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ቢቴ እንደተለመደው ከተዘጋበት ሁለት ዙር ተኩል ከፈቱ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነውና ጥቂት መልሰው ጠበብ አደረጉት። ሚኒሞው በመለኪያ በደቂቃ 850 ዙር አካባቢ ቆመ።

ቅሬታም አለኝ። ቫልቯን ፍለጋ የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ያዳረስኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ደረሰኝም አልተሰጠኝም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ድብልቁን የሚያወፍረውን አውቶማቲክ ቾክ ደግሞ ስላልነኩት ጠዋት በብርድ አሁንም ነዳጅ መስጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጬ ነው የማስነሳት። ለእሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥረውኛል።