ፒያሳ ወርቅ ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህን አንብቡ

ለእህቴ የቃል ኪዳን ቀለበት ላሠራ ፒያሳ ያሉትን ወርቅ ቤቶች ዞርኩ። ሁሉም ጋ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ወርቁ ከየት መጣ? አብዛኞቹ «አታስቢ፣ 21 ካራት ነው» ብለው አለፉኝ። 21 ካራት ማለት 87.5 በመቶው ወርቅ ነው ማለት ነው፣ በቃ። ማን እንዳወጣው፣ በምን እንዳወጣው አይነግረንም።

አንዷ ጠባብ ቤት ግን በትክክል መለሰችልኝ። የሚሠሩት አባት «ልጄ፣ ከነጋዴ የምገዛው አዲስ ወርቅ አለ፣ እሱ ከየት ጉድጓድ እንደወጣ አላውቅም፣ አልዋሽሽም። አሮጌ ወርቅ ካለሽ ግን እዚሁ እያየሽ አቀልጠዋለሁ» አሉኝ። የእናቴን የተሰበረ ጉትቻና የተበጠሰ ሀብል አወጣሁ። ፊቴ መዘኑት፣ ጥራቱን ለማየት ጥቁር ድንጋይ ላይ ፋቅ አድርገው አሲድ ጠብ አደረጉበት፣ ከዚያ ማቅለጫው ውስጥ ከተው ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት። ቦራክስ ነው፣ ወርቁ ሲቀልጥ ከቆሻሻው እንዲለይ የሚረዳ ማዕድን።

ይሄ ዱቄት ነው ልቤን የነካው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላ፣ ጉጂ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያድረው ወርቅ ቆፍሮና አጥቦ ነው፤ ሴቶችም ልጆችም አሉበት። በዓለም ላይ ብዙ ባህላዊ አምራቾች ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት ሜርኩሪ የሚባለውን መርዛማ ፈሳሽ ብረት ይጠቀማሉ፤ ሜርኩሪው ወርቁን ይይዘዋል፣ ከዚያ እሳት ላይ ሲያደርጉት ይተንና ወርቁ ይቀራል። ትነቱን የሚተነፍሰው እሳቱ አጠገብ ያለው ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ማብሰያ ቤት ውስጥ፣ ልጅ አጠገብ። የቀረው ሜርኩሪ ወንዝ ይገባል፣ ዓሣ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የፅንስን አእምሮ ይጎዳል። ሳይደፈን የተተወው ጉድጓድ ደግሞ ውሃ ይቋጥርና የወባ ትንኝ ይራባበታል። ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ሜርኩሪውን ትተው በቦራክስ የሚያቀልጡ አነስተኛ አምራቾች አሉ። ያ ፒያሳ በቀላሉ የሚነሰነስ ዱቄት እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይም ቢደርስ፣ ከሥልጠናው ጋር፣ ስንት እናት ትተርፍ ነበር።

ሰዎቹ ወርቅ ማውጣት ያቁሙ እያልኩ አይደለም፣ እንጀራቸው ነው። የሚገዛው ግን መጠየቅ አለበት፣ ሻጩም መልስ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ወርቅ ቤቱ ልመለስ። ቀለበቱ አምሮ ወጣ፣ ሚዛኑም ልክ ነው፣ የእጅ ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ነገሩኝ። ያልወደድኩት አለ። አሲዱ የሚቀመጥበት የጓሮ ክፍል መስኮት የለውም፣ ወጣቱ ረዳት ያለ ጭንብል ነው የሚሠራው፣ ሽታው ጉሮሮ ይከረክራል። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ከ5 ኮከብ 4 የሰጠሁት ለዚህ ነው።

የምትሄዱ ከሆነ አሮጌ ወርቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲቀልጥም ቆማችሁ እዩ። ደረሰኙ ላይ ግራምና ዋጋ ብቻ ነበር የጻፉት፤ ካራቱንና «ከደንበኛው አሮጌ ወርቅ የተሠራ» የሚለውን ስጠይቃቸው ወዲያው በእጃቸው ጨመሩልኝ፣ እናንተም አስጽፉ።