የየካ አባዶው «የፈረንሳይ» ዳቦ ቤት፦ ዳቦው ግሩም፣ ሥዕሉ የሰው ወሬ

ለቸኮለ ሰው ቶሎ ልናገር። ዳቦው ግሩም ነው። ክሩዋሳው ገና ነው። መስተንግዶው መታረም አለበት። የግድግዳው ሥዕል ግን ብዙ ስለሚያናግር እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቤቱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከሕንፃው ሥር ነው። ማታ ማታ በራፉ ላይ የኤፍል ማማ በመብራት ይብለጨለጫል። ውስጥ ደግሞ ፂሙ ወደ ላይ የተጠቀለለ ሰውዬ ተስሏል። ባለ መስመር ካናቴራ ለብሷል፤ ቤሬ የሚባለውን ጠፍጣፋ ኮፍያ ደፍቷል፤ ሽንኩርት ያንጠለጠለ ብስክሌት ይነዳል።

እኔ ያደግኩት ድሬ፣ ከዚራ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። ሐዲዱን የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ስለነበር ሠራተኛው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ቤታችንም ፈረንሳዮች ይመጡ ነበር። እንደዚህ ለብሶ የመጣ አንድም አላየሁም።

ሰውዬው ከየት መጣ? ሽንኩርቱ የብሪታኒ፣ የሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ነው። የሮስኮፍ ወደብ አካባቢ ገበሬዎች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባሕር እየተሻገሩ እንግሊዝ አገር ቤት ለቤት ሽንኩርት ይሸጡ ነበር፤ ኋላ በብስክሌት። ብዙ እንግሊዛዊ ደጁ ላይ ያየው ፈረንሳዊ እሱን ብቻ ስለነበር ሁሉም እንደዚያ መሰለው። ባለ መስመሩ ካናቴራ እ.ኤ.አ. በ1858 ለባሕር ኃይል መርከበኞች የተደነገገ ልብስ ነው። ቤሬው የደቡብ ምዕራብ ተራሮች እረኞች ኮፍያ ነው። ሦስቱን አንድ ሰው ላይ ደርበው «ፈረንሳዊ» አሉት። ውጭ አገር ሄደን ከ77ቱ ድርቅ ሌላ ስለ እኛ ምንም የማያውቅ ሰው ሲያጋጥመን እንዴት እንደሚያመን እናውቃለን። ለዚህ ነው ሥዕሉ ቅር የሚለኝ። ባለቤቱን አግኝቼ የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ ፎቶ እንዲሰቅል ነግሬዋለሁ። እኛንና ፈረንሳዮችን የሚያገናኝ እውነተኛ ታሪክ እያለ ሽንኩርት ሻጭ ምን ያደርጋል?

አሁን ወደ ዳቦው። ባጌቱ፣ ያ ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ፣ 70 ብር ነው። ከሰፈሩ ዳቦ ይወደዳል፤ ግን ያወጣል። ጠዋት ከምድጃ የወጣውን ጫን ስታደርጉት ቅርፊቱ ይሰባበራል። ውስጡ ቀለሙ ወደ ክሬም ያደላል፤ ትልቅና ትንሽ ቀዳዳ ተደባልቆበታል። እንደ ጥጥ የሚሟሽሽ ዳቦ አይደለም፤ ያኝኩታል፣ ከዚያ የስንዴው ጣዕም ይመጣል። ጋጋሪውን እንዴት እንደሚሠራው ጠየቅኩት። እርሾ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነሳል፤ ቶሎ የተነሳ ሊጥ ደግሞ ጣዕም አያበጅም። ስለዚህ ማታ ያቦካውን ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድረዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ያድበለብላል፣ ያረዝማል፣ ጀርባውን በምላጭ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ ያስገባል። ምላጩን ጋደም አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ያኔ ስንጥቁ እንደ ከንፈር ይከፈታል።

ፈረንሳይ ውስጥ ለዚህ ዳቦ ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ድንጋጌ «ባህላዊ የፈረንሳይ ዳቦ» ተብሎ የሚሸጠው ሊጡ በረዶ ሆኖ መቀመጥ እንደሌለበት፣ ምንም ዓይነት የኬሚካል ማሻሻያ እንዳይገባበት ይላል። መሠረቱ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ የባጌትን ሙያና ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዳቦው የጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ሳይጨነቁ መግዛት ይቻላል።

ፈረንሳዮች ሰነፎች ናቸው የሚለውን ወሬም ሰምታችኋል። የ35 ሰዓት ሳምንት፣ የ5 ሳምንት እረፍት፣ እውነት ነው፤ ሕግ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ግን እዚያም በሌሊት ነው የሚነሳው። የፓሪስ ጋጋሪዎች የበጋ እረፍታቸውን ተራ በተራ እንዲወጡ ለረጅም ዘመን በደንብ ይገደዱ ነበር፤ ሰፈሩ ዳቦ እንዳያጣ።

ክሩዋሳው 120 ብር ነው። «የቅቤ» ይላል። አይደለም። ስትነክሱት ላንቃ ላይ የሚቀር ቅባት አለው፤ ያ ማርጋሪን ነው። ማርጋሪን መጠቀም ነውር የለውም፤ ፈረንሳይም በማርጋሪን የተሠራ ክሩዋሳ ይሸጣል፣ ግን የቅቤው የቅቤ፣ ሌላው ተራ ተብሎ ነው። እዚህም የገበታ ቅቤ ውድ መሆኑን እናውቃለን። እውነቱን ጽፈው ዋጋውን ይቀንሱ።

መስተንግዶው አሳዝኖኛል። ፈረንሳዮች ኩሩ ናቸው፣ ፊት አይሰጡም ይባላል። እዚያ ግን ሱቅ ስትገባ ሰላምታ መስጠት ግዴታ ነው። «ቦንዡር» ሳይል ቀጥታ የሚያዝዝ ደንበኛ ባለጌ ነው የሚባለው፤ ፊት የሚነሱት እሱን ነው። ከእኛ በምን ይለያል? እንደምን አደራችሁ ሳይል «ሁለት ዳቦ ስጪኝ» የሚል ሰው እኛም ዘንድ ይታማል። የዚህ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ግን ሰላም ስላት ቀና አትልም። አስተናጋጁ ማኪያቶዬ ሳያልቅ ሒሳብ አመጣ፤ ጠረጴዛውን መጥረግም ጀመረ። ፓሪስ ካፌ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከፍለህ ውጣ ብሎ የሚያጣድፍህ የለም። በአንድ ቡና ጋዜጣ አንብበህ ትጨርሳለህ። የካ አባዶ ላይ ሰው አረፍ የሚልበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ጡረተኛውም ተማሪውም ይሄን ወንበር ይፈልገዋል። ማማውን በራፍ ላይ የሰቀለ ቤት ይሄን ልማድም አብሮ ያምጣልን።

አንድ ጎረቤቴ፣ ትልቅ እናት ናቸው፣ «እዚያ ቤት እንቁራሪት ይሸጣል አሉ» ብለው አይገቡም ነበር። አይሸጥም። ያለው ዳቦ፣ ኬክ፣ የእንቁላል ሳንድዊችና ቡና ነው። ቀንድ አውጣም ቢሆን ፈረንሳዮች በብዛት የሚያቀርቡት ለበዓል ነው እንጂ የዘወትር ምሳቸው አይደለም። ባጌት ወሰድኩላቸው፤ አሁን በሻይ ይወዱታል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከመገናኛ የየካ አባዶ ታክሲ ያደርሳችኋል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ባጌቱ ቶሎ ያልቃል። መብራት በጠፋ ቀን አይጋግሩም፤ የትናንቱን ቢያቀርቡላችሁ አትግዙ።