«1060 ነው» ብለው የሸጡልኝ ካርድ፦ ጎንደሮች ተጠንቀቁ

ግራፊክስ ካርድ (ኮምፒውተር ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣበትን ዕቃ) ለመግዛት ያሰባችሁ የጎንደር ልጆች፣ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ውስጥ ባለቀለም መብራት የሚሽከረከርበት ኬዝ፣ «የዱባይ ዩዝድ፣ ያልተነካ» የሚል ወረቀት፣ «ጋሼ ይቀመጡ፣ ማኪያቶ ልዘዝልዎት?» የሚል ልጅ።

እስካሁን የምበረው በፈረንጆቹ 2006 በወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ በሚባለው የኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረሪያ ነበር። ከቦሌ ተነስቶ፣ ጣናን አቋርጦ አዘዞ አፄ ቴዎድሮስ ማረፍ የሌሊት ሱሴ ነው። ግን እዚያ ላይ ጎንደር ማለት ቡናማ መሬት ላይ የተዘረጋ አስፋልት ነው፤ የፋሲል ግቢ የለ፣ ምን የለ። አዲሱ፣ በኅዳር 2017 የወጣው የማይክሮሶፍት 2024፣ መሬቱን ከሳተላይት ፎቶ በኢንተርኔት እየሳበ ነው የሚያሳየው። ለዚህ ስል ነው ኪሴን የከፈትኩት። ማይክሮሶፍት በትንሹ ብሎ ያስቀመጠው ጂቲኤክስ 970 ካርድና 16 ጊጋ ራም ነው፤ እንደ ልብ ይሂድ ካላችሁ አርቲኤክስ 2080 እና 32 ጊጋ። 2080 የኔ አቅም አይደለም። ስለዚህ ከ970 የማያንስ፣ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ ጠየቅኩ። «አለ» አሉኝ። እነዚህ ሰዎች የለም ብለው ያውቃሉ?

32 ሺህ ብር። ልጁ ካርዱን በራሳቸው ኮምፒውተር ሰካው፣ ዲቫይስ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ሁሉ በስም የሚዘረዝረውን ገጽ) ከፈተና ስሙን በጣቱ እየነካ «ይኸው ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ራሱ እየነገረዎት ነው» አለኝ። አንድ የድሮ ፊፋም ከፈተልኝ፤ ፍስስ ብሎ ሄደ። ሲያስረክበኝ «ድራይቨሩን ብቻ አፕዴት እንዳያደርጉት፣ እኛ በጫንነው ይጠቀሙ» አለ። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ፕሮግራም ነው።

ሲሙሌተሩ አልከፍትም አለ። ድራይቨሩን ባድሰው ስክሪኑ ጭልም። የድሮውን መልሼ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን የካርድ መመርመሪያ ነፃ ፕሮግራም ስከፍት፣ ከካርዱ ስም ፊት በትልልቅ ፊደል «ፌክ» ይላል። ይህ ፕሮግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀባቡ ካርዶችን ይለያል። የኔው ቺፕ ጂኤፍ116 ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የድሮ ካርድ፣ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ ያለው። እውነተኛው ባለ 6 ጊጋ 1060 1,280 ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ትንንሽ ማስያዎች) አለው፣ ይሄ 192። ባዮሱን፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ያለውን መለያ የያዘ ፕሮግራም፣ እንደገና ጽፈውበት ስሙን ቀይረውታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ካርዱ «እኔ እገሌ ነኝ» ያለውን ነው የሚያምነው። ፎርጅድ መታወቂያ ማለት ነው።

ካርዱን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን ደሜን የሚያፈላው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ባለቤቱ ካርዱን ተቀበለኝና ገለበጠው። «ችግር የለም፣ እናየዋለን» እያለ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አውራ ጣቱ ግን ከካርዱ ጀርባ፣ ብሎኗ ላይ የተለጠፈችው የዋስትና ስቲከር ላይ ነው። በጥፍሩ ጠርዟን ላጥ አደረጋት። ስለ ኤሌክትሪኩ፣ ስለ ፓወር ሰፕላዬ እየጠየቀኝ እንደገና ላጥ። ማየቴን አላወቀም ልበል ወይስ ግድ አልሰጠውም? ከዚያ ካርዱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ፣ «ውይ፣ ስቲከሩ ተነስቷላ! ፈታችሁታል፤ ይሄ ዋስትና የለውም» አይለኝ መሰላችሁ!

«አሁን በጥፍርህ ልጠኸው አይደል እንዴ?» ስለው ልጁን ተጣራ። «ይሄ ሰውዬ ሲመጣ ስቲከሩ ነበረ?» ልጁ ቀና ብሎ ካርዱን እንኳ ሳያይ «አልነበረም» አለ። ያ ማኪያቶ ካላዘዝኩ ያለኝ ልጅ።

የጂፒዩ-ዚውን ፎቶ በስልኬ አሳየሁት። «ይሄ ከኢንተርኔት ያወረድከው ኮተት ነው። ለመሆኑ ምን ልትሠራበት ነው?» አለኝ። የበረራ ሲሙሌተር ስለው ከት ብሎ ሳቀ። «ወንድም ዓለም፣ አውሮፕላን ካማረህ አዘዞ ወርደህ አትሳፈርም?» ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰው ሳይቀር አብሮ ሳቀብኝ። ልጁማ እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ ሱቁ ውስጥ ዞረ፤ በአፉ የሞተር ድምፅ እያወጣ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ካርዴን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ።

ደረሰኝ ያልኩት ወረቀትም በእጅ የተጻፈ ነው፤ «ግራፊክስ 1 ፍሬ» ይላል። ሞዴል የለ፣ ማህተም የለ።

ለማንኛውም፣ ካርዱ ሱቁ ውስጥ እያለ ጂፒዩ-ዚ በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ክፈቱ። እምቢ ካሉ ውጡ። ደረሰኙ ላይ የሞዴሉን ስም አስጽፉ። ሰማያዊዋን የድሮ ቪጂኤ ሶኬት ካያችሁበት 1060 አይደለም፤ የካርዱ ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ ከ1060 ትውልድ ጀምሮ ለዚያች ሶኬት የሚሆነውን አናሎግ ምልክት ከቺፑ አውጥቶታል። የኔው ላይ ሰማያዊዋ ቁጭ ብላለች። ደግሞ የቤታችሁ ኢንተርኔት ከ10 ሜጋቢት በታች ከሆነ ለ2024ቱ ካርዱም አያድናችሁም፤ ኤክስ-ፕሌን 12 የሚባለው ሌላው ሲሙሌተር መሬቱን ዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ እሱ ይሻላችኋል።

ሰኞ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ከፒያሳ 1060 ወይም 1050 ቲአይ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ከኬዙ ኋላ አጎንብሳችሁ እዩ። ሰማያዊዋ ካለች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አንድ ሰው ሲሄድ ይስቁበታል፣ ተሰብስበን እንሂድ።